ወፍራሙን ሰውዬ ባላባት ያደረግሁበት ቅዳሜ

ሥራ በገባሁበት ቀን የተረከብኩት ንብረት አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማና አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። በርጩማው ላይ ሳይወድቁ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ለዚያ ግን ደመወዝ አልተቆረጠለትም። የቅጥር ደብዳቤዬ «ረዳት የፊልም ማብራሪያ ሰጪ» ይላል። የማን ረዳት እንደሆንኩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ዋና የሚባል ሰው አልነበረም።

ሥራው ይህ ነው። ዘመኑ ደርግ ፓርቲ ሊመሠርት ሽር ጉድ የሚልበት ነው። ጉለሌ ያለው የቀበሌያችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊልም ያሳያል። ፊልሞቹ ከሶሻሊስት አገሮች የመጡ ስለሆኑ ሰዎቹ የሚያወሩት በሩሲያኛ፣ ሲብስም በቡልጋርኛ ነው። ተመልካቹ ደግሞ ሸማኔ ነው፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ናት፣ ሸጎሌ በሬውን ሸጦ የሚመለስ ነጋዴ ነው፣ የዊንጌት ተማሪ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከስክሪኑ ጎን ተቀምጦ «አሁን እንዲህ አላት፤ እሷም እንዲህ ብላ መለሰችለት» እያለ በአማርኛ ያስረዳል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ሩሲያኛ የማውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «አዎ» እና «አይደለም»። በዚያ ዘመን ካየኋቸው ብዙ ሹማምንት በአንድ ቃል እበልጥ ነበር።

የሚያድነኝ ወረቀቱ ነው። ፊልም የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ፊልሙ ካለበት ቆርቆሮ ጋር በአማርኛ የተተየበ አንድ ገጽ አጭር ታሪክ ይልካል፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደሚሞት። እኔ ያንን አንድ ገጽ ለሁለት ሰዓት መለጠጥ ነው ሥራዬ። ተዋናዮቹ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲጨቃጨቁ ወረቀቱ ላይ «ተጣሉ» ከማለት በቀር ምንም የለም። የቀረውን ከሆዴ አወጣለሁ። ጉለሌ ውስጥ እኔ የፈጠርኩትን ስድብ እየተሳደቡ ያደጉ ልጆች አሉ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ መንገሻ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ፒያሳ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ነው ወደ እኛ የመጡት። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከግድግዳ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ተመልካች አይተው አያውቁም፤ ሲሰሙት ነው የኖሩት። ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ ጥቅሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጠሩኝ።

«ና እስቲ አስራት። ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ታሪክ ምን እንደሆነ አታውቅም።»

«ምንድነው ጋሽ መንገሻ?»

«ሦስት ነገር ነው። ማሰር፣ ማጥበቅ፣ መፍታት። መጀመሪያ ሰውዬውን በአንድ ነገር ያስሩታል፤ ልጁ ይጠፋበታል፣ ወይ መሬቱን ይቀማል፣ ወይ የማትሆነውን ሴት ይወዳል። ከዚያ ያጠብቁታል። በመጨረሻ ይፈቱታል፤ ወይ ገመዱ ይፈታል፣ ወይ ነፍሱ ትወጣለች። በቃ።»

«መታሰሩን በምን ያውቃሉ?»

«በሳል። ያልታሰረ ተመልካች ያስለዋል። ታሪኩ ሲጠብቅ ሳል የለም፤ የሳንባ በሽተኛ እንኳ አይስልም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። ሦስተኛው ጥቅል ላይ «ሳል» ብለው ከጻፉ በዚያ ጥቅል ላይ ብዙ እንዳወራ፣ ቀልድም እንድጨምር ነው። ምልክት የሌለው ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድርሰት አደረጃጀት ብዙ ወፋፍራም መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ከሳል የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

«ጥሩ ሰውና መጥፎ ሰው የሚለየውስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልብሱን አትይ። ፊቱንም አትይ፤ ተዋናዮች ስለሆኑ ፊታቸው ይዋሻል። ማንም በማያየው ሰዓት፣ ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል? ፊልም ሠሪው እውነቱን የሚነግርህ እዚያ ላይ ነው።»

ይህን ትምህርት በቅጡ ሳላጣጥመው ጓድ ዘሪሁን መጣ። የቀበሌው የባህልና የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ስድስት ወር ውጭ አገር ኮርስ ወስዶ ሲመለስ አንድ የቆዳ ኮትና አንድ ጥቅል ማኒላ ወረቀት ይዞ መጣ። ኮቱ ከእሱ ሦስት እርምጃ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። ማኒላውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ በምስማር ቸነከረው። ዛሬ ስለ እሱ ስጽፍ «አሉ» ማለት አቃተኝ፤ አለ።

«የፊልም ገጸ ባሕርይ አራት ዓይነት ነው» አለ። «አንደኛ ጀግናው ወዛደር፤ ምልክቱ ቅጥነት፣ የሠራተኛ ኮፍያ፣ ዘይት የነካው እጅ። ሁለተኛ አድኃሪው በዝባዥ፤ ምልክቱ ውፍረት፣ ባርኔጣ፣ ሪዝ። ሦስተኛ ወላዋዩ ምሁር፤ መነጽር። አራተኛ ሰርጎ ገቡ፤ ምልክቱ ጥሩ ሰው መምሰል።»

«ታሪክ ደግሞ አራት ደረጃ አለው» ብሎ ቀጠለ። «ጭቆና፣ ንቃት፣ ትግል፣ ድል። ከዚህ የወጣ ፊልም የለም።»

ጋሽ መንገሻ እጃቸውን አወጡ። «ፍቅርስ ጓድ? የት ላይ ይገባል?»

«ከድል በኋላ» አለ ዘሪሁን።

እዚህ ላይ ነው መናደድ የምጀምረው፤ ዓመታት አልፈው አሁንም ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ሰንጠረዥ መሥራቱ አይደለም። ጋሽ መንገሻም የራሳቸው ሰንጠረዥ ነበራቸው። ነገር ግን የእሳቸው ከአዳራሹ ድምፅ ጋር ካልገጠመ ጠመኔውን በክንዳቸው ጠርገው ሌላ ይጽፋሉ። የዘሪሁን ማኒላ ከሰው ጋር ካልገጠመ የሚጠረገው ሰውዬው ነው።

ደግሞ በፊልም ብቻ ቢቆም ምን ነበረበት! ሰንጠረዡን ወደ ቢሮ አስገባው። የቀበሌው ታይፒስት መነጽር ታደርግ ስለነበር «አንቺ ወላዋይ ነሽ» አላት፤ በስብሰባ ፊት። ምስኪኗ መነጽሯን አውልቃ መተየብ ጀመረች። በዚያ ወር ከቀበሌያችን የወጡትን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው የቻይንኛ ኮርስ መውሰድ ነበረበት። ጋሽ መንገሻን ደግሞ፣ በንጉሡ ጊዜ መሥሪያ ቤታቸው እያዘዛቸው መኳንንት ቤት ድረስ ማሽን ተሸክመው ሄደው ፊልም ያሳዩ ስለነበር፣ በማኅደራቸው ላይ አንድ ቃል ጻፈባቸው፤ «ርዝራዥ»። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በአንድ ቃል! እኔ በርጩማዬን እንኳ ስገልጽ ከዚያ የበለጠ ቃል እጠቀማለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜዋ መጣች። ከቀበሌ በላይ ያለው አስተዳደር በዚያ ጊዜ «ከፍተኛ» ይባል ነበር፤ ከከፍተኛው አንድ ትልቅ እንግዳ ሥራችንን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረን። ጋሽ መንገሻ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ አምስት ጥቅል ፊልም አለ፤ ወረቀት የለም። ጥቅሎቹን አነሳን፣ ቆርቆሮውን ገለበጥን፣ አራገፍን። የለም።

ወደ ዘሪሁን ሮጥኩ። «ጓድ፣ ወረቀቱ አልመጣም። በሌላ ፊልም እንለውጠው።»

«እንግዳው በር ላይ ናቸው። ደግሞ ሰንጠረዡ ለምን የተሰቀለ ይመስልሃል? ሰዎቹን ስታያቸው ታውቃቸዋለህ። ሳይንስ ነው እኮ!»

ወደ ጋሽ መንገሻ ተመለስኩ። ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች ላይ እያስገቡ ሳያዩኝ ተናገሩ። «የማታውቀውን አትናገር። ‹ሰውዬው መጣ፤ ሴትዮዋ ሄደች› ብቻ በል። ማንነታቸውን ፊልሙ ራሱ ይንገርልህ።»

ሰምቼ ቢሆን ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ከደብዳቤዬ ላይ «ረዳት» የምትለውን ቃል የሚሰርዘው ዘሪሁን ነው፤ እንግዳው ደግሞ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በርጩማዬ ላይ ወጣሁ።

መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ ማሽኑ ተነሳ። የዚያ ማሽን ጩኸት የእንጦጦን ጅብ ከጎሬው ያስወጣል። ስክሪኑ ላይ በረዶ የሸፈነው መንደር ታየ። በፈረስ ጋሪ አንድ ሰውዬ መጣ። ወፍራም! ባርኔጣ አለው፤ ሪዙ የሁለት ሰው ሪዝ ነው። ግድግዳውን አየሁ፤ ሦስቱም ምልክት ተሟልቷል።

«ባላባቱ መጣ!» አልኩ በማይክሮፎኑ።

«ይውደም!» አለ አዳራሹ።

ቀጥሎ ቀጭን ሰውዬ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ። «ጓድ ወዛደሩ!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘሪሁን ወደ እንግዳው ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክ አየሁ። ኮቱ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።

ችግሩ የጀመረው ወዲያው ነው። ወፍራሙ ለአንዲት ትንሽ ልጅ ከረሜላ ሰጣት። እኔ «ሊያታልላት ነው!» አልኩ። ለአንዲት አሮጊት እንጨት ፈለጠላት። «ጎጆዋን ሊቀማት መንገድ እያበጀ ነው!» አልኩ። ሰውዬው ደግ ነገር በሠራ ቁጥር የእኔ ምላስ ተንኮሉን እያራቀቀችለት ሄደች። እንዲህ ያለ ተንኮለኛ ባላባት በዓለም ላይ ተፈጥሮ አያውቅም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ክፉ ነገር ሳይሠራ ክፉ ሆኖ ዋለ።

ቀጭኑስ? ቀጭኑ ብቻውን ወደ ትራክተር መጋዘን ገባ። ግራ ቀኝ አየ። ከኪሱ አሸዋ አውጥቶ ሞተሩ ውስጥ ጨመረ።

ከመካከለኛው ወንበር ሸጎሌ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ብድግ አለ። «ኧረ አስራት! ሞተር ውስጥ አሸዋ?»

«የሶቪየት ቴክኒክ ነው!» አልኩ። «ለብርድ ነው! አሸዋው ሞተሩን ያሞቀዋል!»

«እኔ ልሙት?»

«ቁጭ በል ወንድሜ፣ አትጋርደን!» አሉት ከኋላ።

በዚያ ሳምንት ጉለሌ ውስጥ ስንት ሞተር እንደተቃጠለ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም።

ከዚያ ያቺ ትዕይንት መጣች። ወፍራሙ ብቻውን ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ባርኔጣውን አውልቋል። አንድ ዳቦ ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ከፊቱ ባለው ባዶ ወንበር በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከወንበሩ በላይ ግድግዳው ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ አለ። ሰውዬው ቁራሹን አልበላም፤ ፎቶውን እያየ ተቀመጠ።

ገባኝ። እውነቱን እናገራለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ልጁ የሞተበት አባት ነው። ማንም አያየውም። ጋሽ መንገሻ ያሉኝ ሰዓት ይኸው ነው። አዳራሹ አፌን ይጠብቃል።

«አያችሁት?» አልኩ። «የበዝባዥ ሆድ! የሁለት ሰው ዳቦ ለብቻው!»

አዳራሹ ሳቀ። ከማሽኑ በኩል አንድ ሳል ተሰማ፤ ጋሽ መንገሻ ነበሩ።

መጨረሻው ላይ ወንዙ ላይ ያለው በረዶ ተሰነጠቀና ልጆች የጫነ ጋሪ ሰመጠ። ወፍራሙ ዘሎ ገባ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ እሱ ግን በሕይወት አልወጣም። ቀብሩ ሆነ። ሬሳው በባንዲራ ተሸፍኗል፤ መንደሩ በሙሉ ያለቅሳል። እኔ «ባላባቱ በሕዝቡ ቁጣ ተገደለ!» ስላልኩ የአዳራሹ ሴቶች እልል አሉ። ሸማኔዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። ከኋላ እማማ ብርቄ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚያወርዱት፣ እልልታቸውን አቋርጠው ጮኹ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚያ ታዲያ ለምንድነው የሚያለቅሱት?»

«የደስታ እንባ ነው፣ እማማ!»

መብራት በራ። ከጤና ጣቢያችን ሲስተር አልማዝ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ተነሳች። ነርስነት የተማረችው እዚያው ሩሲያ ነው፤ አምስት ዓመት ተቀምጣ። ክፋት የላትም፤ እንደ ልጅ ግር ብሏት ነው የጠየቀችኝ።

«አስራት፣ አንተ የቱን ፊልም ነው ያየኸው? ወፍራሙ ሰውዬ እኮ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ፓርቲው ነው የላከው። ልጁ ጦርነት ላይ ሞቶበታል። ቀጭኑ ነው ሰላዩ።»

እንግዳው ቀስ ብለው ወደ ዘሪሁን ዞሩ። ለዛሬ ወጣቶች መንገር አለብኝ፦ በሶቪየት ፊልም፣ በከፍተኛው እንግዳ ፊት፣ ፓርቲ የላከውን ሊቀመንበር «ይውደም» እያሉ ሁለት ሰዓት መዋል በዚያ ጊዜ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ የወጣ፣ ተመልሶ ያልገባ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ነበር።

እሑድ ዘሪሁን ዊንጌት አካባቢ ወደ ነበረችው ቤቴ መጣ። የቆዳ ኮቱን አላወለቀም፣ አልተቀመጠም።

«ጥቅሎቹ ተዛብተው ነው የገቡት» አለ። «አራተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ። ስለዚህ ታሪኩ ተገለበጠ። አንተ ያየኸውን ነው ያስረዳኸው፤ ጥፋት የለብህም።»

«ጥቅሎቹ ቁጥር አላቸው እኮ፣ ጓድ።»

«ማን ነው ወደ ማሽኑ የሚያስገባቸው?»

የኮቱን ቁልፎች መቁጠር ጀመርኩ።

«ሰውዬው ርዝራዥ ነው። ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ረቡዕ ሂስና ግለ ሂስ አለ፤ ‹ተዛብተው ነበር› በል፤ ሌላ አይጠበቅብህም። ‹ረዳት› የምትለዋን ቃል እኔ እሰርዝልሃለሁ።»

«ላስብበት» አልኩት።

ላስብበት! ምኑን ነው የማስበው? ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ አምስት ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ለምርመራ ሊሰጡ ነው፤ እኔ ላስብበት ነው! በዕድሜዬ ብዙ የማፍርባቸው ቃላት ከአፌ ወጥተዋል፤ በማይክሮፎን ጭምር። ያችን ቃል የሚወዳደር ግን የለም።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ አዳራሹ ሞላ፤ የከፍተኛው እንግዳም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሂስና ግለ ሂስ ማለት ሰው እየተነሳ መጀመሪያ ራሱን፣ ከዚያ ሌላውን የሚከስበት ስብሰባ ነው። የአብዮት ጥበቃ ሁለት ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ማንን ሊወስዱ እንደመጡ ሁሉም ያውቃል። ዘሪሁን የተጻፈ አነበበ። የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ፣ የመኳንንት አገልጋይ፣ የፊልም ጥቅል በማዛባት የወዳጅ አገርን ፓርቲ ያዋረደ።

ጋሽ መንገሻ ተነሱ። «ጥቅሎቹ ላይ ቁጥር አለ። እስከ አምስት መቁጠር እችላለሁ።»

«ዝም በል አንተ!» አለ ዘሪሁን።

አዳራሹ አጉረመረመ። ጸጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ እሱ ልጃቸው ይሆናል እኮ። እኔ መቆም ሳላስብ ቆሜ አገኘሁት ራሴን። ጀግንነት አትበሉት።

«ጥቅል አልተዛባም» አልኩ። «ወረቀት አልመጣም። ወፍራም ስለሆነ ባላባት አልኩት፤ ሰንጠረዡ ላይ ስላየሁ። ዳቦውን ሲቆርስ ግን ማን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ዋሸሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እየሸፈነለት ነው!» አለ ዘሪሁን። «ሁለቱ አንድ ናቸው!»

በር ላይ ያሉት ልጆች አሁን እኔንም ማየት ጀመሩ። የዚያን ጊዜ ከኋላ እማማ ብርቄ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ጥቅል ምናምን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሰውዬው ሕፃናት አውጥቶ ነው የሞተው ስትሉ መስማቴን ነው። እኔ ደግሞ ቀብሩ ላይ እልል ብያለሁ። የሰው ቀብር ላይ እልል ብዬ አላውቅም። አራት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ፊልሙን ድገሙትና ላልቅስለት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። የሸማኔዎቹ ዕድር ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁና «እውነቷን ነው፤ ነውር ሠርተናል» አሉ። ከዚያ ከየወንበሩ «ይደገም» የሚል ድምፅ ተነሳ። እስቲ አስቡት! ሃምሳ፣ መቶ ሰው፣ ስክሪን ላይ ለሞተ ለማያውቁት ወፍራም ፈረንጅ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ስብሰባ አቋረጡ።

እንግዳው ከፊት ወንበር ተናገሩ። «ይደገም። ጥቅሎቹ በቁጥራቸው ተራ ይግቡ። ታሪኩ ነርሷ ያን ቀን እንዳየችው ከሆነ ጥቅል አልተዛባም፤ ሰውዬው ነፃ ነው። ካልሆነ ይወሰዳል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ መንገሻ በሁለቱ ታጣቂዎች መካከል አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማሽኑን እንዳይነኩ ስለተከለከሉ ፊልሙን የማስገባው እኔ ነኝ፤ አንድ ሺህ ጊዜ ሲያስገቡ አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ግን በእጄ አስገብቼ አላውቅም። እንግዳው የእያንዳንዱን ጥቅል ቁጥር በራሳቸው ዓይን አዩ። ማሽኑን ሳስነሳ ፊልሙ ተንጫጫ፤ ከማሽኑ መስታወት በታች ልል መሆን ያለበትን የፊልም ክር አጥብቄው ነበር። ሊበጠስ ነው። ቢበጠስ ደግሞ «ይኸው አሻጥር» የሚል ሰው አለ። ጋሽ መንገሻ አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ወደ ታች አመለከቱ።

«እጅህን አውርድ!» አለ ታጣቂው።

አወረዱ። እኔ ግን አይቼ ነበር። አጠፋሁት፣ አላላሁት፣ እንደገና አስነሳሁ። ሄደ።

ማይክሮፎኑን የያዘችው ሲስተር አልማዝ ናት። ጥቂት ቃል ብቻ ትናገራለች፤ «ስለ ልጁ ይጠይቃታል። አላውቅም ትለዋለች።» አሸዋው ሲጨመር መካኒኩ «አይ አንተ አረመኔ!» ብሎ ቃተተ። ዳቦው ሲቆረስ ማንም አልሳቀም። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በጉለሌ ብርድ፣ በክረምት መግቢያ፣ አንድም ሰው አልሳለም። ቀብሩ ሲመጣ ወንዶቹ ቆሙ፤ ኮፍያ ያላቸው አወለቁ። እማማ ብርቄ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ አለቀሱ።

መብራት ሲበራ እንግዳው «ፊልሙ ልክ ነው» አሉና ተነሱ። ታጣቂዎቹ ከአግዳሚው ራቁ። ጋሽ መንገሻ ግን ለትንሽ ጊዜ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ጓድ ዘሪሁን ወደ ግድግዳው ሄደ። ማኒላውን ሊቀደው መስሎኝ ነበር። ብዕር አወጣና ከ«አድኃሪው በዝባዥ» ሥር፣ «ውፍረት» ከሚለው ቀጥሎ፣ «አንዳንድ ጊዜም ቅጥነት» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ዞሮ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። በዚያ ዘመን፣ በቀበሌ ሱቅ ራሽን፣ ጉለሌ ውስጥ ከእሱ በቀር ቀጭን ያልሆነ ሰው አልነበረም።

እኔን ከማይክሮፎኑ አነሱኝና የስኳር ወረፋ አስከባሪ አደረጉኝ። ዘሪሁን ከወራት በኋላ አደገ፤ ከፍተኛው ውስጥ ለሌሎች ቀበሌዎች የፊልም ኃላፊዎች ሰንጠረዡን ማስተማር ጀመረ። «ይቅርታ» የሚል ቃል ለማንም አልተናገረም። በጋሽ መንገሻ ማኅደር ላይ የተጻፈውን ቃልም ማንም አልሰረዘውም፤ ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ።

እሳቸው ወደ ማሽናቸው ተመልሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከወረፋው አምልጬ ሄድኩ። ቆርቆሮዎቹ ላይ ምንም የጠመኔ ምልክት የለም።

«ጋሽ መንገሻ፣ የዛሬው ፊልም የት ላይ ነው የሚጠብቀው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔ ማሽን ነው የማዞረው።»

ሌላ ጊዜም ጠየቅኳቸው። መልሱ ያው ነው። ስለ ታሪክ ከእሳቸው አፍ ሌላ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አልታሰሩም፣ አልተገረፉም፤ ሰዎች ሲያወሩ «ተረፉ» ይላሉ። እኔ ግን ተረፉ ስባል እናደዳለሁ። በዚያ አዳራሽ ስለ ፊልም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ያንን ሰው ዝም አሰኙት፤ አንዱን ክር ያጠበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኋላ ላይ ኑሮዬን የገፋሁት የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ጽሑፍ እያነበብኩ፣ አስተያየት እየሰጠሁ ነው። ወጣቶቹ ጽሑፋቸውን ሲያመጡልኝ የመጀመሪያው ገጽ ሁልጊዜ ሰንጠረዥ ነው፤ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ተቃራኒ ገጸ ባሕርይ፣ አማካሪ ሽማግሌ፣ ከዳተኛ ጓደኛ። እኔ ያንን ገጽ አላነበውም። ቀጥታ ሰውዬው ብቻውን የሚሆንበትን ትዕይንት እፈልጋለሁ። ከሌለ፣ ጻፉና መልሱት እላቸዋለሁ።

የተማርኩት ይህ ነው፦ ሰውን የሚሠራውን ሳታዩ ስም አትስጡት። ሠርቶ ካያችሁት በኋላም ስሙ ካልገጠመው ለውጡት ስሙን።